በጥቁር አፈር ላይ የጓሮ ወርክሾፕ መሠረት እንዴት ይሠራል?

ጓሮዎ በመጋቢት እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጠቅ፣ በሐምሌ ደግሞ ጭቃው ከጫማ የማይላቀቅ ከሆነ ያለዎት ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር አፈር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቦሌና በአቃቂ በኩል ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ ያረፈውንም አብሮ ያነሳል፣ ያወርዳል።

ጎረቤቴ ያሠራት የእንጨት ሥራ ቤት ሲሚንቶ አልተቆጠበባትም፤ መሠረቷ ግን 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተቆፍሮ እዚያው ዋልካ ላይ አረፈ። በሁለተኛው ክረምት በሩ አልዘጋ አለ፤ ከመስኮቱ ጥግ የተነሳው ስንጥቅም እስከ ወለሉ ወረደ። ከላይ ብዙ ጊዜ ተለሰነ፣ አልዳነም።

ስለዚህ ፈቃዱን ከወረዳዎ ጨርሰው ቁፋሮውን በበጋ ይጀምሩ። 4 በ5 ሜትር የሆነች ወርክሾፕ እንውሰድ። በአራቱ ማዕዘን ችካል ተክለው ሲባጎ ይወጥሩ፤ ከጥግ ጥግ ሲለኩ ሁለቱም ሰያፍ 6 ሜትር ከ40 ከመጡ ማዕዘኑ ትክክል ነው።

ዋልካውን ከግድግዳው መስመር ብቻ ሳይሆን ከወለሉም ሥር ጠርገው ያውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳው ይቆምና ወለሉ መሃል ላይ ያብጣል። ጠንካራው መሬት በ1 ሜትር ወይም በ1 ሜትር ተኩል ከተገኘ ጥሩ፤ ከዚያ ከራቀ መሐንዲስ ሳያማክሩ አይቀጥሉ። የወጣው አፈር ተመልሶ አይሞላም፣ ግቢ ውስጥም አይከመር።

በግድግዳው መስመር ከተቆፈረው ቦይ ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ስስ ኮንክሪት ይነጠፋል፤ በላዩ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የድንጋይ ግንብ ይወጣል። የግንቡን አናት እኩልነት ውሃ በተሞላ ቱቦ ለክተው አራት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ የታሰረበት ማሰሪያ ቢም፣ ማለትም የኮንክሪት ቀበቶ፣ ዙሪያውን ይሙሉ። መሬቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ቤቱን አንድ ላይ የሚይዘው እሱ ነው።

የውስጡን ጉድጓድ በገረጋንቲ፣ ማለትም በማያብጥ ጠጠራማ አፈር ይሙሉ፤ በ20 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር እየደረበ፣ ውሃ እየተረጨ፣ እየተጠቀጠቀ። አንድ ሜትር ሙሉ ደፍቶ ከላይ ብቻ መምታት ከንቱ ድካም ነው። በተጠቀጠቀው ላይ ተረከዝዎን ሲረግጡ ምልክት መቅረት የለበትም። ከዚያ 25 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ንጣፍ፣ ከዚያ ፕላስቲክ።

ወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ ከባድ ማሽን በሚቆምበት ቦታ ግን 15 ያድርጉት። 10 ሳንቲው ብቻ 2 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳል፣ በ1፡2፡3 ቅይጥ (አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር) ወደ 14 ከረጢት ሲሚንቶ ማለት ነው። የመብራት ቱቦውንና የማሽኑን ማሰሪያ ብሎን ከመሙላትዎ በፊት ያስቀምጡ። ቅይጡ እንዲፈስ ብሎ ውሃ የሚያበዛ ሠራተኛ ካለ ያስቁሙት።

ሲጠነክር በጆንያ ሸፍነው ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ያጠጡት። ዙሪያውን 1 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ አድርገው የጣራውን ውሃ በቦይ ያርቁ፤ አጠገቡ ባሕር ዛፍ ካለ ሥሩ እርጥበቱን ስለሚመጥ መሬቱ ይሰምጣል፣ አስቀድሞ ይነሳ። ከባዱን ማሽን የሚያስገቡት ኮንክሪቱ 28 ቀን ሲሞላው ነው።