ከማንሳቱ በፊት ማውረዱን፦ በጉልበተኛ ሞተር ዊሊ (በኋላ ጎማ ብቻ መሄድ) ለምትለማመዱ

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ቀይ አፈር ሜዳ ላይ፣ አንድ ልጅ በጀርባው ተዘርሮ አገኘሁ። ሞተሩ ጥሎት ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ በጎኑ ወድቋል። የኋላ ጎማው ገና ይሽከረከራል። ደግነቱ ልጁ ደህና ነበር፤ የግራ እጁ አንጓ ብቻ አብጧል።

«ጋሼ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። «ብድግ አለና ከሥሬ ወጣ።»

ቀኝ እግሩን አየሁት። ሸበጥ ነው ያደረገው።

ሥራዬ ሞተር መጠገን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ዊሊ መልመድ ከሚፈልጉ ልጆች ጋር ሜዳ እወጣለሁ። በአንድ ጎማ መሄድን እወደዋለሁ፤ ልጆቹንም እወዳቸዋለሁ። ግን በእነዚያው ስህተቶች ሲሰበሩ ማየት አንገሽግሾኛል። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ሄልሜት፣ ጓንት፣ የጉልበት መከላከያ የሚለውን አልዘረዝርም። እሱ የሌለው ሰው መጀመሪያውኑ ሞተሩ ላይ አይወጣም።

ቀኝ እግር ከፍሬኑ ላይ ሲነሳ

ልጆቹ መጥተው የሚጠይቁኝ «እንዴት ነው የማነሳው?» ብለው ነው። «እንዴት ነው የማወርደው?» ያለኝ አንድም የለም። 450 ሲሲ ሞተር ማንሳት ጥበብ አይፈልግም። ክብደቱ 110 ኪሎ ገደማ ነው። ጉልበቱ ከ50 ፈረስ ይበልጣል። ብዙዎቻችን የለመድናቸው ባለ 125 የመስክ ሞተሮች 10 ወይም 12 ፈረስ ጉልበት ቢኖራቸው ነው። ልዩነቱን አስቡት። ጋዙን ጠምዘዝ ስታደርጉት ሳትለምኑት ይነሳል። ጭንቁ ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኋላ ጎማ ወደ ፊት ሲገፋ የሞተሩ ፊት ይነሳል። የኋላ ጎማ ሲያዝ ፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ ጋዝ ያነሳል፣ በቀኝ እግር የሚረገጠው የኋላ ፍሬን ያወርዳል። ጋዝ መቁረጥም ያወርዳል፤ ግን ሞተሩ ሚዛኑን አልፎ ወደ ኋላ መጋደል ከጀመረ ብቻውን ላይደርስላችሁ ይችላል። የፊት ፍሬንማ በዚያ ሰዓት አያድናችሁም። አየር ላይ ያለን ጎማ ብትይዙት ምን ይፈይዳል? ጀማሪ ሲደነግጥ ግን መጀመሪያ የሚጨብጠው እሱን ነው። እጁ የለመደው እሱን ነዋ።

ሁለት እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ የሚያነሳ ልጅ ሳይ ደሜ ይፈላል። መሬት የሚደርስ ይመስለዋል። ሞተሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ያ እግር መሬት ፍለጋ ይወርዳል፤ ፍሬኑ እላይ ይቀራል። ከዚያ የሚመጣውን በዓይኔ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የጭራ አጥንት፣ የክርን፣ የእጅ አንጓ ስብራት። አንዱ ልጅ ሞተሩ ራሱ መጥቶ ታፋው ላይ አርፎበት ሦስት ወር በክራንች ሄዷል። ጎበዝ ነጂ ነበር። ጉድለቱ አንድ እግር ብቻ ነበር።

እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። የለመድኩት በአሮጌ ባለ 125 ሞተር ነው። ጉልበት ስለሌለው ፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ራሱ ይወርዳል። ለዓመታት የኋላ ፍሬን አልነካሁም፤ አላስፈለገኝም። እችላለሁ ብዬ አምኜ ነበር። 450 ላይ በወጣሁ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው ሙከራ፣ ሰማዩን አየሁ። ከዚያ መሬቱ ጀርባዬን መታኝ። ሁለት ወር ሙሉ ወንበር ላይ በአንድ ጎኔ ነበር የምቀመጠው። ስለዚህ «ትንሽ ሞተር ላይ እችላለሁ» የሚለኝን ልጅ ከማይችለው የበለጠ እፈራለታለሁ።

መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፤ ግን ይሠራል። መጀመሪያ ቡት ጫማ አድርጉና ሞተሩ ላይ ተቀመጡ። የፍሬን ፔዳሉ ከጫማችሁ ጫፍ ሥር ሳታነሱም ሳትዘረጉም መገኘት አለበት። ካልተገኘ በመፍቻ አስተካክሉት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቀጥሎ ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አትሞክሩ። ፊቱን አንድ ክንድ ብቻ አንሱ፣ ወዲያው ፍሬኑን ዳበስ አድርጉ፣ አውርዱት። ባያስፈልግም አድርጉት። 50 ጊዜ። ከዚያ ሌላ 50 ጊዜ። ዳበስ ነው ያልኩት፤ ረግጣችሁ ከያዛችሁት ፊቱ እንደ ድንጋይ ይወድቅና ደረታችሁ መሪውን ይመታል። እግራችሁ ሳታስቡት መንካት ሲጀምር ታውቁታላችሁ። ዓይን ከአቧራ እንደሚከደነው ሁሉ በራሱ ይሄዳል።

በክንድ መጎተት

ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ጋር የተያያዘ ነው። ልጁ መሪውን እንደ በሬ ቀንድ ይዞ ወደ ራሱ ይስባል። ሞተሩን የሚያነሳው ግን ክንድ አይደለም። ጎትታችሁ ከሳባችሁ አንደኛው እጅ ከሌላው ይበረታል፤ ሞተሩም ወደ ጎን ያዘነብላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ሰውነታችሁ ወደ ኋላ ሲንሸራተት ቀኝ እጃችሁ መሪው ላይ ትንጠለጠላለች። ስትንጠለጠል ጋዙን ትጠመዝዛለች። ጋዙ ሲጨምር ሞተሩ ይበልጥ ይነሳል፣ እናንተም ይበልጥ ትንሸራተታላችሁ። «ብድግ አለና ከሥሬ ወጣ» የሚባለው ይሄ ነው። ሞተሩ አልከዳችሁም፤ እጃችሁ ነው ያዘዘው።

ወንበሩ ላይ ከመሃል ትንሽ ወደ ኋላ ተቀመጡ። በጉልበታችሁ ታንከሩን ጭብጥ አድርጉት። ክርናችሁ እጥፍ ይበል። ጋዙን ስትይዙ አንጓችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ያኔ ወደ ኋላ ብትንሸራተቱ እንኳ ብዙ የሚጠመዘዝ አይቀረውም። ጉልበታችሁ ታንከሩን መጨበጡን ለማወቅ አንድ ነገር አሳያችሁ። ከልምምድ በኋላ ሱሪያችሁን እዩት። የጉልበቱ ውስጠኛ ጎን ላይ አቧራው ተጠርጎ ጨርቁ ካብረቀረቀ ይዛችኋል። አቧራው እንዳለ ከሆነ ተንጠልጥላችሁ ነው የዋላችሁት።

አንደኛ ማርሽ

ባለ 125 ላይ አንደኛ ማርሽ ያስፈልግ ይሆናል። 450 ላይ ግን አንደኛ ማርሽ ቁጡ ነው። ጋዝ ስትሰጡ ይወረወራል፣ ስትቆርጡ አፍንጫውን ይደፋል። መሃል የለውም። ሁለተኛ አድርጉት። ሰው በሚሮጥበት ፍጥነት፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እየሄዳችሁ ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣት ትንሽ ያዝ፣ ጋዙን ትንሽ ከፍ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ። የፍሪሲዮን ሸራው የተቃጠለ ሽታ ካመጣ አሳርፉት።

ዝቅ አድርጎ መፍጠን

ይሄኛው ለማመን ያስቸግራል። ጀማሪ ከፍታ ስለሚፈራ ፊቱን ዝቅ አድርጎ መሄድ ይመርጣል። ዝቅ ያለው ደህንነት ይመስለዋል። ግን ፊቱ ዝቅ ሲል ክብደቱ ሊያወርደው ይጎትተዋል። እንዳይወርድ ጋዝ መጨመር ግድ ነው። ጋዝ ሲጨመር ፍጥነት ይጨምራል። በ15 የጀመረው ልጅ ሳያውቀው 60 ይገባል፤ ሜዳው ያልቅበታል።

ከፍ ብሎ ሚዛኑ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ክብደቱ ሁሉ በኋላ ጎማው ላይ ይቆማል። እዚያ መፍጠን አያስፈልገውም። በእግር ጉዞ ፍጥነት በአንድ ጎማ የሚሄድ ሰው ያያችሁ እንደሆነ፣ እሱ ሚዛኑን አግኝቶታል ማለት ነው። እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ያለ ኋላ ፍሬን መቆየት አይቻልም። ለዚህ ነው ከእግሩ የጀመርኩት። ትንሽ ዳገት ያለው ሜዳ ከመረጣችሁ ሞተሩ በቀላሉ ይነሳል፣ ፍጥነቱም አይሸሽም።

ባጭሩ የማልፋቸው

ስታወርዱ ጋዙን ሙሉ በሙሉ አትቁረጡ፤ ጎማው መሬት ሲነካ ትንሽ ጋዝ ይኑረው። የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ ይረፍ፤ ጠምዞ ካረፈ መሪው ከእጃችሁ ይነጠቃል።

የእነዚህ ሞተሮች ዘይት አንድ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ፊቱ ለረጅም ጊዜ ሲነሳ ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። በየልምምዱ ማግስት ዘይቱን እዩ፤ ካቴናውን፣ የቸርኬውን ሽቦዎች፣ የመሪውን ኩሽኔታም ፈትሹ። በተደጋጋሚ የሚወድቅ ፊት እነዚህን ያላላል።

የሐይቁ ዳር ለምለም ሣር አያታልላችሁ። ሥሩ ረግረግ ነው፤ ጉድጓድም ይደብቃል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጣና ነፋስ ይነሳል። ጀልባ ነጂዎች በጠዋት መውጣት የሚወዱት ሐይቁ ያኔ ስለሚረጋ ነው። የተነሳ ሞተርም የጎን ነፋስ አይወድም። ክረምት ላይ ጥቁር አፈር ያለበት ሜዳ ፈጽሞ አይሞከርም።

ስልክ የያዘ ጓደኛ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ልጁ ገና ሦስት ሜትር በአንድ ጎማ አልሄደም፤ ጓደኛው ግን ስልክ ደግኖ ከፊት ለፊቱ ቆሟል። እኔ ይህን ስመለከት ሆዴ ይባባል። ነጂው ወደ ኋላ ሲወድቅ ሞተሩ እዚያው አይቆምም። ጋዙ ተጠምዞ ስለነበር ያለ ሰው ወደ ፊት ይሄዳል። የሚሄደው ደግሞ ስልክ ወደያዘው ልጅ ነው። ሕፃናትም አሉ። የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም፤ አሥር ይሆናሉ፣ ከብት ጠባቂዎቹም ይጨመራሉ። ሁሉንም ከጎን፣ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እሺ ካላሉ ሞተሩን አጥፉና ጠብቁ። እኔ ግማሽ ሰዓት የጠበቅሁበት ቀን አለ።

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ለስላሳ ነው፤ ሰውም ያያል። የልጆቹ ዓይን እዚያ መሆኑን አውቃለሁ። እባካችሁ። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት። ያ መንገድ ላይ ተማሪ በብስክሌት ይሄዳል፣ እናት ልጇን አዝላ ትሻገራለች። እናንተ ብትወድቁ የመረጣችሁት ነው፤ እነሱ ግን አልመረጡም።

ከፍታን መርሳት

ይህንን የሚያስተምር ሰው አላጋጠመኝም፤ በራሴ ነው የደረሰው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚኖረው ጉልበት አንድ አምስተኛ የሚጠጋውን እዚህ ያጣል። እጃችን የለመደው ይህንን የቀነሰ ጉልበት ነው።

አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ መተማ ቆላ ወረድኩ። አንድ ወዳጄ እኔ የምነዳውን ዓይነት ባለ 450 ይዞ ነበር። ስጠኝ ብዬ ተቀመጥኩበት። እዚህ እንደማደርገው ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ጋዙን በለመድኩት ልክ ጠመዘዝኩ። ፊቱ ከጠበቅሁት በፊት ፊቴ ላይ መጣ። ያዳነኝ ሐሳቤ አይደለም፤ ለማሰብ ጊዜ አልነበረም። ቀኝ እግሬ ራሱ ፍሬኑን ነካው፤ ሞተሩም ወረደ። ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ልምምዱን ከአንድ ክንድ እንደገና ጀምሩ።

«አንዴ ብቻ ልድገም»

የመጨረሻው ይሄ ነው። ክንድ ይደክማል። ከ20 ደቂቃ በኋላ የፍሪሲዮን ጣቶች መንቀጥቀጥ ይጀምራሉ፤ እጅ ይደነዝዛል። ልጁ ግን ጥሩ አንድ ሙከራ አድርጎ ሙቀት ላይ ነው፣ መቆም አይፈልግም። እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ አወዳደቆች ከ«አንዴ ብቻ ልድገም» በኋላ የመጡ ናቸው።

ያ ሸበጥ ያደረገው ልጅ እጁ ከዳነ በኋላ ቡት ጫማ ተውሶ ተመልሶ መጣ። ጠዋቱን ሙሉ አንድ ክንድ ሲያነሳ፣ ፍሬን ሲነካ፣ ሲያወርድ ዋለ። ጓደኞቹ ሰልችቷቸው ሄዱ። ወደ አራት ሰዓት ገደማ ፊቱን ከፍ አድርጎ ወደ አሥር ሜትር ሄደና፣ ራሱ በፍሬን አወረደው። ጥርሱ በሙሉ ታየ።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ ልድገም» አለኝ።

እጁን ዘርጋ አልኩት። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሞተሩን ራሴ አጠፋሁና ሄልሜቱን ተቀበልኩት።