በደም ሥር ለሚሰጥ የፈንገስ መድኃኒት ቅናሽ ፍለጋ፦ ከጎጃም ለመጣችሁ

«እናቴ የፈንገስ መድኃኒት በግሉኮስ ታዞላታል፣ ኩፖን ላክልኝ» የሚለው ጥያቄ ስለበዛብኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ።

ከደብረ ማርቆስም ከዳንግላም አሜሪካ የገባ ሰው የሚያውቀው ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ዋጋ ማወዳደር ነው። ለኪኒን እዚህም ይሠራል፤ የፍሉኮናዞል ኪኒን በጉድአርኤክስ (የመድኃኒት ዋጋ የሚያወዳድር ድረ ገጽ) ኩፖን በርካሽ ይገኛል። በደም ሥር የሚሰጡት ካስፖፈንጊን፣ ሚካፈንጊን ወይም ሊፖሶማል (በስብ የተሸፈነው) አምፎቴሪሲን ግን ሰፈር ፋርማሲ አይጠብቋችሁም። የሚሰጡት በሆስፒታል፣ አለዚያም ቤት ድረስ በሚያቀርብ የኢንፊውዥን (የደም ሥር መድኃኒት) ፋርማሲ ነው። ስለዚህ ኩፖን ማሰሱን ተዉት።

ቅናሹ ያለው ሆስፒታሉ ቢል ክፍል ነው። ለትርፍ ያልቆመ ሆስፒታል ከግብር ነፃ ሆኖ ለመቆየት የገንዘብ እርዳታ ፖሊሲ በጽሑፍ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድደዋል። «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ብላችሁ ጠይቁ። ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከመጣ ጀምሮ 240 ቀን ማመልከት ይቻላል። ፎርሙ ሰው ታክቶት እንዲተወው የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ቢሆንም ሙሉት። «ግሪን ካርዴን ያበላሽብኛል» የምትሉ፣ ይህ ሆስፒታሉ ከራሱ የሚሰጠው ቅናሽ እንጂ የመንግሥት ድጎማ አይደለም። «ልመና ነው» እያላችሁ ቢል መሳቢያ ውስጥ የምታጠራቅሙትማ፣ ይሉኝታችሁን ዕዳ ሰብሳቢው አያውቅላችሁም።

ሐኪሙንም «ወደ ኪኒን መቀየር አይቻልም ወይ?» በሉት። ፍሉኮናዞልና ቮሪኮናዞል በአፍ ሲወሰዱም አብዛኛው መድኃኒት ደም ውስጥ ይገባል። ሕመምተኛው ከተረጋጋና ፈንገሱ ለመድኃኒቱ የሚበገር ከሆነ ሐኪሞች ራሳቸው ይቀይራሉ። ከዚህ የሚበልጥ ቅናሽ የለም። ራሳችሁ ግን እንዳትቀይሩ። ካልተቻለ ጀነሪክ (ያው መድኃኒት ያለ ንግድ ስሙ፣ በርካሽ) መኖሩን ጠይቁ፤ ለካንሲዳስ (ካስፖፈንጊን)፣ ለማይካሚን (ሚካፈንጊን) እና ለቪፌንድ (ቮሪኮናዞል) አለ። እንደ ክሬሰምባ (ኢሳቩኮናዞል የሚባለው የፈንገስ መድኃኒት) ላለው ውድ መድኃኒት የአምራቹን የእርዳታ ፕሮግራም ሞክሩ፤ ፎርሙን በከፊል የሚሞላው የሐኪሙ ቢሮ ስለሆነ ነዝንዟቸው። የኮፔይ ካርድ (ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን ድርሻ አምራቹ የሚቀንስበት) ግን የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ማለትም ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ ላለው አይሠራም።

አሁን እኔን ያቃጠለኝ። እናቴ የተኛችበት ሆስፒታል ኢንሹራንሷ የሚቀበለው ነበር። መውጫዋ ቀን «ቀሪውን ቤት ትጨርሳለች፣ ነርስ ትመጣለች» ተባልን። በማግስቱ በር ላይ ትልቅ ካርቶን ተቀመጠ፦ በበረዶ የታሸጉ ከረጢቶች፣ የጨው ውኃ የተሞሉ ትንንሽ ሲሪንጆች፣ ቱቦና ጓንት። ደስ አለን። ቢሉ ሲመጣ ለካ ሆስፒታሉ የመረጠልን የኢንፊውዥን ኩባንያ ከኢንሹራንሷ ውጪ ነው! መድኃኒቱ ለብቻ፣ ቱቦውና ፓምፑ ለብቻ፣ ነርሷ ለብቻ ተከፋፍሎ መጣ። ስልክ ስደውል አንዱ ወደ ሌላው ይመራኛል፤ ኢንሹራንሱ «ኩባንያውን ጠይቅ»፣ ኩባንያው «ሆስፒታሉን ጠይቅ»። ከአልጋ ሳትነሡ ኬዝ ማናጀሩን (መውጫችሁን የሚያመቻቸውን የሆስፒታሉን ሠራተኛ) የኩባንያውን ስም አጽፉት፣ ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውላችሁ ኔትወርክ ውስጥ (ኢንሹራንሱ ከሚቀበላቸው አንዱ) መሆኑን አረጋግጡ፣ ካልሆነ ሌላ አስመርጡ። ዕቃውና ነርሷ ይሸፈኑ እንደሆነም ለየብቻ ጠይቁ። የደወላችሁበትን ቀንና ያናገራችሁን ሰው ስም ጻፉ። ቸኩሎ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው አይገባኝም፤ የአንድ ሰዓት መዘግየት ሰው አይገድልም።

ሌላው፣ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ለተኛ ዘመድ ከዚህ ገዝቶ በሻንጣ መላክ። ያልተከፈተ ካስፖፈንጊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ቦሌ አድሮ ባሕር ዳር ሲደርስ ምን እንደሚሆን አስቡት። አምፎቴሪሲን ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ተራው በቀን በኪሎ ከ1.5 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም፤ ሊፖሶማሉ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ይሰጣል። ተራውን በሊፖሶማሉ መጠን መስጠት ይገድላል። አምራቹ ጊሊያድ ለክሪፕቶኮካል ማጅራት ገትር (ፈንገስ ለሚያመጣው) ሊፖሶማሉን ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች በ16.25 ዶላር አንድ ብልቃጥ እንደሚያቀርብ እ.ኤ.አ. በ2018 አስታውቋል። እዚህ በግል ከመግዛት በፊት የሆስፒታሉ ፋርማሲስት በመንግሥት አቅራቢው በኩል ይገኝ እንደሆነ እንዲያጣራ አድርጉ። የግድ መላክ ካለበትም የማዘዣውን ፎቶ አስልኩ፤ ሙሉ ስሙ፣ ዓይነቱና መጠኑ የማይነበብበትን ማዘዣ ይዛችሁ እኔ ጋ አትደውሉ።