የኖይዝ ሙዚቃ ችግርና መፍትሄ፦ ከደሴ ቆርቆሮ ስር

ደሴ ክረምቱን ለከረመ ሰው ኖይዝ (ረብሻ የሚባለውን ድምፅ ራሱን እንደ ሙዚቃ መሥራትና ማድመጥ) ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወሬ ይቆማል፣ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ቤተሰቡ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ያንን ወድዳችሁ ካዳመጣችሁት ግማሹን ጨርሳችኋል። ሌላው ግማሽ፣ መቅዳቱና መሥራቱ፣ ግን ጣጣ አያጣውም።

ምልክት፦ ሁለት ደቂቃ ሰምቼ ራሴን አመመኝ። የቱ ጋ ነው ሙዚቃው?

ምክንያቱ ጆሯችሁ ዜማ እየፈለገ ነው። በአምባሰልና በባቲ ያደገ ጆሮ ቅኝቱን ሲያጣ ይበሳጫል፣ አይፈረድበትም። እዚህ ግን የሚደመጠው ሌላ ነው። ድምፁ ሻካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? አሁን ምን ተጨመረ?

በገናን አስቡ። ያ የሚነዝረው ድምፅ ከጅማቱ ብቻ አይደለም የሚመጣው። ጅማቱና በርኩማው መሀል የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለች፣ እንዚራ የምትባል። እሷን አውጡና በገናው በገና አይሆንም። ዝዝታ መውደድ አዲስ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

ሌላም አለ። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሀሊም ኤል ዳብህ በ1944 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ ድምፁን እያስተጋባና እየለዋወጠ ሥራ አወጣበት። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ፓሪስ ላይ የባቡር ድምፅ ቆራርጦ ከመሥራቱ አራት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ይኸው ሰውዬ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥቶ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ዛር ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አልነግርም።

መፍትሄ፦ ድምፁን ቀንሱ። አምስት ደቂቃ ብቻ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ተከተሉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ጆሯችሁ ውስጥ ጭውው ካለ አብዝታችሁታል። የድምፁ ጉልበት 85 ዴሲቤል ከሆነ በቀን ለስምንት ሰዓት ይቻላል፤ 88 ከደረሰ ግን አራት ሰዓት ብቻ።

ምልክት፦ ዝናቡን በስልክ ቀዳሁት፣ ስሰማው ግን እየመጣ ይጠፋል

ይሄኛው ብዙ ሰው አስለቅሷል። ስልኩ የተሠራው ለሰው ንግግር ነው። ዝናብ፣ ወፍጮ ቤት፣ የሀረጎን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሲኖትራክ፣ ሁሉም ለሱ ረብሻ ነው። ስለዚህ ያጠፋዋል። እናንተ ደግሞ የፈለጋችሁት ረብሻውን!

አብሽሩ፣ መፍትሄው ቀላል ነው። ድምፅ ማጣሪያውንና ራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ነገር ማጥፋት የሚያስችል መቅጃ አፕ ጫኑ። ድምፁን በማያምቀው በዌቭ ፋይል ቅዱ፣ የድምፅ መጠን ማሳያው ቀይ እስኪያበራ ድረስ አታጩኹት። ከጦሳ ተራራ የሚመጣው ንፋስ ካስቸገረ ማይኩ ላይ ቀጭን ካልሲ አልብሱት። ለጓደኛ ስትልኩ በቴሌግራም ድምፅ መልእክት አይሁን፣ እንደ ፋይል ይላክ። አለበለዚያ ያው እዚያም ይታመቃል።

ምልክት፦ ፒያዞ ቆርቆሮ ላይ ለጠፍኩ፣ ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጠነ

ፒያዞ ከተበላሸ የማንቂያ ሰዓት ወይም ከሚጮህ መጫወቻ የምትወጣ ክብ ብረት ናት። እሷን የኮምፒውተር ማይክ ቀዳዳ ላይ በቀጥታ ስትሰኩ ወፍራሙ ድምፅ ይሞታል፤ ቀዳዳው ለሷ የሚመጥን አይደለም። አንድ ሜጋ ኦም ገደማ የኤሌክትሪክ መቋቋም ያለው መሰኪያ ትፈልጋለች። የጊታር መሰኪያ ያለው ሚክሰር ይበቃል። ከሌለ ሬዲዮ ጠጋኝ ጋ ሄዳችሁ በአንድ ትራንዚስተር አጋዥ አስበይዱ።

ምልክት፦ ያላስገባሁት እምምም ገባ

የመብራት ድምፅ ነው፣ 50 ኸርዝ ከነእጥፎቹ። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉና በባትሪ ሞክሩ። ከጠፋ ጥፋቱ እዚያ ነው። ካልጠፋ ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ፣ የድምፅ ገመዱን ከመብራት ገመዱ አርቁ። የመሬት ሽቦውን ግን እንዳትቆርጡ፣ ሰው ይገድላል።

ወይ ደግሞ ተዉት። 50 ኸርዝ ከሶል ትንሽ ከፍ ትላለች። እኔ መሲንቆ ቃኝቼባት አውቃለሁ። መብራት ሲጠፋ ቅኝቱም አብሮ ሄደ እንጂ።

ምልክት፦ ሚክሰሩን ከራሱ ጋር አገናኘሁት፣ ሞንታርቦው አበደ

መውጫውን መግቢያው ላይ ሰክቶ መጫወት የታወቀ ዘዴ ነው፤ ጃፓናዊው ቶሺማሩ ናካሙራ በዚህ ይታወቃል። ነገር ግን ሁሉንም ቁልፍ ዜሮ ላይ አድርጋችሁ፣ ስፒከሩን አጥፍታችሁ ጀምሩ። መጀመሪያ በሚክሰሩ መብራት እዩት፣ ከዚያ ስሙት።

ምልክት፦ ሠራሁት፣ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው

ሁሌ ስለሚጮህ ነዋ። ዝናብ እንኳ ያባራል። ድንገት ሲቆም የምትሰሙት ጠብ ጠብታ ከዶፉ በላይ አይጎላም? ቁረጡ። ባዶ ቦታ ተዉ።

ምልክት፦ ጎረቤት በር አንኳኩ

ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። መፍትሄው ሄድፎን ነው። እኔ አንድ ቀን ይቅርታ ጠይቄ ሄድፎኑን ለእትዬ አጠለቅኩላቸው። ፊታቸውን ቋጥረው ትንሽ ሰሙ።

«ይሄማ የኔ ጣሪያ ነው» አሉኝ። «ጥግ ላይ የላላችው ቆርቆሮ ነች።»

ልክ ነበሩ። ከሷ በታች ነበር የቀዳሁት።