ናፍጣ ሞተርን ወደ ጋዝ ሲቀይሩ ነዳጅ የሚያባክኑ ስህተቶች

ሞተሩ ወደ ጋዝ ከተቀየረ በኋላ "ይሄ ነገር ጋዝ ይበላል" የሚል ቅሬታ ሲነሳ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጋዙ አይደለም። ጋዝን እንደ ናፍጣ ማየቱ ላይ ነው። የናፍጣና የጋዝ ጸባይ ለየቅል ነው። ናፍጣ በታመቀና በጋለ አየር ውስጥ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል፤ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይበቃዋል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን 500 ዲግሪ ካላለፈ በራሱ አይቀጣጠልም። ለኳሽ ይፈልጋል፦ ወይ የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ፣ ወይ ትንሽ የናፍጣ ርጭት።

የሞተሩን ውሎ ሳያዩ ዕቃ መግዛት

ካንዴላ ተገጥሞለት በጋዝ ብቻ የሚሠራ አለ፤ ናፍጣና ጋዝ አንድ ላይ የሚያቃጥልም አለ። ቀኑን ሙሉ ከበድ ባለ ጭነት፣ በአንድ ፍጥነት ለሚሠራ ጄኔሬተር ሁለቱን ነዳጅ አብሮ ማቃጠል ይመቻል። ሲቆም ሲነሳ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲንደቀደቅ ለሚውል ሞተር ግን እኔ አልመክርም። ምክንያቱ ቀጥሎ አለ።

ጋዙን በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) መሸኘት

ትልቁ ብክነት ይሄ ነው፤ ዓይን ስለማያየው ደግሞ ማንም አይጠረጥረውም። ናፍጣ በደንብ ካልተቃጠለ ጥቁር ጭስ ያሳብቅበታል። ጋዝ ሳይቃጠል ሲወጣ ግን ጭስ የለውም፣ እንዲያውም ሞተሩ ንጹህ ይመስላል።

በሁለት ነዳጅ ሞተር ላይ ጭነት ሲቀንስ ጋዙ በብዙ አየር ውስጥ ይሳሳል። ናፍጣው የለኮሰው እሳትም ዳር ድረስ ሳይደርስ ይጠፋል። መፍትሔው ጭነቱ ሲወርድ ጋዙን ዘግቶ ወደ ናፍጣ የሚመልስ መቆጣጠሪያ ነው። "በሁሉም ጭነት ላይ ብዙ ጋዝ፣ ትንሽ ናፍጣ" ማለት ቁጠባ ይመስላል እንጂ አይደለም።

ሌላው ማምለጫ በቫልቮቹ በኩል ነው። የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ ለአፍታ አብረው ይከፈታሉ። በናፍጣ ጊዜ በዚያች አፍታ የሚያልፈው አየር ብቻ ስለነበር ችግር አልነበረውም። አሁን ግን ጋዙ አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ቱርቦ በፊት ወይም በዋናው የአየር መግቢያ ላይ ከተቀላቀለ፣ ሳይነድ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለየሲሊንደሩ የራሱን ኢንጀክተር ገጥሞ የማስወጫው ቫልቭ ከተዘጋ በኋላ መርጨት ወጪው ከፍ ይላል፤ ግን ያዋጣል። የጭስ መለኪያ ስትጠቀሙም ሜቴንን (የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል) የሚያነብ መሆኑን አረጋግጡ። ሜቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ሙቀት አማቂ ነው፤ ስለዚህ ኪሳራው የኪስ ብቻ አይደለም።

እመቃውን እንዳለ መተው፣ ወይም ከልክ በላይ ማውረድ

የናፍጣ ሞተር እመቃ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ስንት እጥፍ እንደሚያጠብበው) ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 20 ለ1 ነው። በካንዴላ ለሚሠራ የተፈጥሮ ጋዝ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ወደ 11 ወይም 12 ለ1 ይወርዳል። እንዳለ ከተተወ ጋዙ እሳቱ ሳይደርሰው በራሱ እየፈነዳ ሞተሩ ያንኳኳል። ማንኳኳቱን ለማስቆም ደግሞ ብልጭታው ይዘገያል፣ ጋዙ ይበዛል፤ ነዳጁ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው። ከልክ በላይ ከወረደ ደግሞ ከዚያው ጋዝ የሚገኘው ጉልበት ይቀንሳል። ኤልፒጂ (በግፊት ፈሳሽ የተደረገው የሲሊንደር ጋዝ) ከተፈጥሮ ጋዝ ቀድሞ ያንኳኳልና ከዚህም ዝቅ ያለ ያስፈልገዋል።

ወፍራም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሲሊንደሩ በላይ ካለው ክዳን ሥር የሚገባ ማሸጊያ) ማስገባት አቋራጭ ነው፤ እኔ አልወደውም። በፒስተኑና በቴስታታው መካከል ያለውን ክፍተት ያሰፋል። ከጠባቡ ክፍተት የሚመጣው የአየር ግርግር ይጠፋል፤ ቀስ ብሎ ለሚነድ ጋዝ ደግሞ ያ ግርግር በጣም ያስፈልገዋል። የፒስተኑን ጉድጓድ ማስፋት ይሻላል፣ የሚቀረው ውፍረት ከተለካ። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ፒስተን ከተገኘ ግን ገንዘቡን እሱ ላይ አውሉት።

ብልጭታውን ማዘግየት

ድብልቁ በሳሳ ቁጥር እሳቱ ይዘገያል። ብልጭታው ቀደም ካላለ ጋዙ ቫልቭ ሲከፈትም እየነደደ ይሆናል። የማስወጫው ሙቀት ከፍ ካለና ጉልበት ከቀነሰ መጀመሪያ እዚህ ፈትሹ።

ጥቃቅን የሚባሉት

የካንዴላ ክፍተት ሲሰፋ ብልጭታው አንዳንዴ ይቀራል፤ ያ ምት ሙሉ ጋዝ ይባክናል። በ200 ባር የታመቀ ጋዝ ግፊቱ ሲወርድ በጣም ስለሚቀዘቅዝ፣ ግፊት መቀነሻው የሞተሩ ሙቅ ውሃ ካልደረሰው በረዶ ይይዘዋል፤ ድብልቁም ይዛባል። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ለጋዝ ሞተር ያልተሠራ ዘይት፣ ያልተስተካከለ ቫልቭም እዚሁ ይገባሉ። ከሁሉ በፊት ግን ያረጀና እመቃው የደከመ ሞተር ሳይታደስ አይቀየር።

ሊትርን ከሊትር ማወዳደር

1 ኪሎ የተፈጥሮ ጋዝ ወደ 1.3 ሊትር ናፍጣ የሚጠጋ ኃይል አለው። 1 ሊትር ኤልፒጂ ደግሞ 0.7 ሊትር ናፍጣ ገደማ ነው። ስለዚህ ኤልፒጂ በሊትር ሲቆጠር ቢበዛ ብልሽት ላይሆን ይችላል። ወደ ካንዴላ የተቀየረ ሞተር እንዲያውም ኃይልን በመቆጠብ ከድሮው ናፍጣ ዝቅ ቢል አይገርምም፤ አየሩን የሚያንቅ ክዳን ስለተጨመረበት በትንሽ ጭነት አየር ለመሳብ ይደክማል። ትርፉ የሚመጣው በብዛት ከዋጋው ልዩነት ነው። ያንን ለማወቅ ከመቀየሩ በፊት ሞተሩ በተለመደው ጭነት በሰዓት ስንት እንደሚበላ ለክታችሁ ጻፉ፤ ከተቀየረ በኋላም በዚያው ጭነት ለኩ።