ወንዙ ሌሊት ሌሊት ቀለሙን ሲቀይር፦ የብክለት አቤቱታ አቀራረብ

ትንሹና ትልቁ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። የቆዳ ፋብሪካውንም የመጸዳጃ ቤቱንም ፍሳሽ ይዘው ይወርዳሉ፤ በዳርቻቸው ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። እንዲህ ያለ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ለማመልከት የግድ ተጎጂ መሆን የለበትም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የውሃውን ቀለምና ሽታ፣ ያያችሁበትን ቦታ መዝግቡ። ብዙ አቤቱታ የሚበላሸው ሰዓቱ ላይ ነው። ስልኩ 02:10 ካለ ሌሊት 8:10 ነው፤ «8:10» ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ተቆጣጣሪው ቀን 8 ሰዓት መጥቶ ንጹሕ ቱቦ አይቶ ይመለሳል። ፋብሪካው የሚለቀው ሌሊትና እሑድ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ጻፉ።

ፎቶ ሁለት ይበቃል፦ አንዱ የቱቦውን አፍ ከቅርብ፣ ሌላው ድልድይ ወይም የመብራት ምሰሶ ጨምሮ ከራቅ ብሎ፣ ቦታው እንዲታወቅ። አጥር አትዝለሉ፤ ከመንገድ ወይም ከወንዙ ዳር አንሱ። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፋይል ይላክ፣ አለበለዚያ ፎቶው የተነሣበት ቀንና ሰዓት አብሮት አይሄድም።

ውሃ ቀድታችሁ በሃይላንድ ይዛችሁ መሄድ ያጓጓል፣ ግን «ከየት እንደቀዳችሁት በምን ይታወቃል?» ከተባለ መልስ የለውም። ይልቅ ባለሙያ መጥቶ ናሙና እንዲወስድ በአቤቱታው ጠይቁ፤ ከቱቦው በላይም በታችም ይቀዳ በሉ። የታችኛው ብቻ ከተቀዳ ፋብሪካው «ከላይ የመጣ ነው» ይላል፣ ለዚያውም አሳማኝ ሆኖ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ክልል ከሆናችሁ ለክልሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይጻፋል። «ሕዝቡ እየተሰቃየ ነው» የሚለውን ተዉትና ከደብተሩ ሦስት አራት ቀን ጥቀሱ። ፋብሪካው ይዘጋልን አትበሉ፤ ሠራተኞቹ የእድራችሁ አባላት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ያን ጊዜ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈላል። ፍሳሹ ሳይጣራ አይለቀቅ በሉ። የፊርማው ወረቀት እያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ የአቤቱታው ጉዳይና ቀን ይኑር፤ ባዶ ወረቀት ላይ የተሰበሰበ ፊርማ ለምን እንደተፈረመ ማስረዳት አይቻልም።

ሦስት ቅጂ አዘጋጁ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ፣ ሦስተኛው እድሩ ጋ ይቀመጥ። ኃላፊው ቢሮ ገብቶ በቃል መናገር ትልቅ ነገር ይመስላል፣ ግን ቀን አያስቆጥርም።

ቀኑ መቆጠር አለበት። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። 60ው የሚቆጠረው ውሳኔ ከተሰጠበት ወይም 30ው ካለፈበት ቀን ነው። ጥቅምት 5 ገቢ የሆነ አቤቱታ ኅዳር 5 ይሞላል፤ መልስ ካልተገኘ የፍርድ ቤቱ በር እስከ ጥር 5 ክፍት ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ በመሐል ጳጉሜን ካልገባች። «ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ትንሽ ታገሡ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ መሐል ነው፤ ታገሡ፣ ግን ክሱን እያዘጋጃችሁ።

ክሱ በበካዩ ድርጅት ላይ ይሁን። መሥሪያ ቤቱን ብቻ ከከሰሳችሁ «የበከልኩት እኔ አይደለሁም» ይላል። ሁለት መቶ ሰው ውክልና ለመስጠት መሰለፍም የለበትም፦ አንድ ሰው ይክሰስ፣ ደብተሩን የያዙት ምስክር ይሁኑ።