ተርጓሚ አፕ ስልክ ላይ ሲወርድ የሚሠሩ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞን ያለ ኢንተርኔት የሚተረጉም አፕ ቢኖር ተጠቃሚ አያጣም። ሞዴል፣ ማለትም ትርጉሙን የሚሠራው የሠለጠነ ፕሮግራም፣ አልጠፋም። ሜታ እንደ አውሮፓውያን በ2022 ያወጣው ኤንኤልኤልቢ-200 ሁለቱንም ይችላል። ላፕቶፕ ላይ ደህና ይሠራል፤ ጣጣው ስልክ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሞዴሉን እንዳለ መገልበጥ ነው። ትንሹ ኤንኤልኤልቢ 600 ሚሊዮን ፓራሜትር (በሥልጠና የተገኙ ቁጥሮች) አለው። እያንዳንዱ 4 ባይት ሲይዝ 2.4 ጊጋባይት ይሆናል። ራሙ 2 ጊጋ የሆነ ስልክ ይህን አይችለውም። ኳንታይዝ ተደርጎ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁጥር በትንሽ ቦታ እንዲያዝ ተደርጎ፣ ወደ 8 ቢት (1 ባይት) ሲወርድ 600 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ መቆም ግን የለበትም። ሞዴሉ ለ200 ቋንቋዎች ሲባል ከ256 ሺህ በላይ የቃላት ቁርጥራጮች ተሸክሟል። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ 1024 ቁጥሮች አሉት። ሲባዛ ከ260 ሚሊዮን ያልፋል፤ ከጠቅላላው አርባ በመቶ በላይ ማለት ነው። የጃፓንኛ ቁርጥራጭ ሒርማታ ገበያ ላይ ምን ይሠራል? በሁለቱ ቋንቋዎች ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙትን አስቀርታችሁ ሌላውን ቁረጡት።

ሁለተኛው ብዙም አይወራለትም፤ እኔ ግን ከሁሉም የከፋው ይመስለኛል። ጽሑፉን ለሞዴሉ የሚያስተካክለው ኮድ ኮምፒውተር ላይ፣ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) እንደተጻፈ ይቀርና ሞዴሉ ብቻ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ሞዴሉን ስታሠለጥኑ «ሐ»ን እና «ኀ»ን ወደ «ሀ» ከቀየራችሁ አፑም እንደዚያው መቀየር አለበት። ካልቀየራችሁ ደግሞ አትንኩት። አራት ነጥብም አለ፦ አንዱ «።» ይጽፋል፣ ሌላው «፡፡»፣ ሌላው ሁለት ኮለን ይደረድራል። አፑ አንዱን ብቻ ካወቀ አንቀጹን ሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጠዋል። ኤንኤልኤልቢ ደግሞ የተሠራው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ለመተርጎም ነው፤ ረጅም ሲሰጡት መሃል መሃሉን ይዘላል። በአፋን ኦሮሞ ቃላት መሃል የምትገባው ጭረት መሳይ ምልክት፣ ሁዻም፣ እንዲሁ ናት። አንዱ ኪቦርድ ቀጥ ያለ ጭረት፣ ሌላው የታጠፈ ይሰጣል። ለዓይን ያው ነው፤ ለሞዴሉ ግን ሌላ ፊደል ነው።

ስልኩ ስምንት ኮር (ስሌቱን የሚሠራ ክፍል) አለው ብሎ ስምንቱንም ማሠራትም አያዋጣም። ፈጣኖቹ ዘገምተኞቹን ይጠብቃሉ። ስልኩ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሁለት ወይም በአራት ሞክሩት።

ሞዴሉ ከአፑ ተለይቶ ይውረድ። ኔትወርክ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥል። የሰው ፓኬጅ አትጨርሱ።

ከኳንታይዜሽን በኋላ አማካይ የትርጉም ውጤት ብቻ አይቶ «ጥራቱ አልወረደም» ማለትም ያሳስታል። የቡና ነጋዴ «አልሸጥም» ብሎ «እሸጣለሁ» ሆኖ ቢወጣ በአማካዩ ላይ እምብዛም አይታይም። አፍራሽ ግሶችን፣ ዋጋዎችን፣ እንደ ፈረሱላ ያሉ መለኪያዎችን ለይታችሁ አንድ በአንድ ፈትኑ። ፈተናውም እዚያው ርካሽ ስልክ ላይ ይሁን።

ፈቃዱን ሳያነቡ መጀመርም አለ። የኤንኤልኤልቢ ሞዴሎች የተለቀቁት ለንግድ በማይፈቅድ ፈቃድ ነው። አፑን ለመሸጥ ካሰባችሁ ከወዲሁ ሌላ ሞዴል ፈልጉ፣ ወይም ትንሽ የራሳችሁን አሠልጥኑ።