የምኒልክ ብርና ማርትሬዛ ከኦንላይን ጨረታ ላይ እንዴት እንደሚገዛ

ኢቤይም ሆነ የአውሮፓና የአሜሪካ ጨረታ ቤቶች ሳይት ላይ ገብታችሁ ኢትዮጵያ ብላችሁ ብትፈልጉ የምኒልክ ብር አለ፣ ማርትሬዛ አለ (አያቶቻችን ጠገራ የሚሉት)፣ የንጉሡ ዘመን ሜዳሊያ፣ የብር መስቀል፣ ክታብ፣ ምኑ ቅጡ። እኔ እዚህ ስለ ሁለቱ ብሮች ብቻ ነው ምጽፈው፣ ጀማሪ ሰው መጀመሪያ እጁን ሚዘረጋው እነሱ ላይ ነው፣ ፎርጅዱም እነሱ ላይ ነው ሚበዛው።

መጀመሪያ ምን እንደምትገዙ እወቁ። ማርትሬዛ ላይ 1780 የሚል አለ፣ ሻጩም ይቺን ይዞ "የ18ኛው ክፍለ ዘመን ብርቅ ዕቃ" ብሎ ይለጥፋል። 1780 ማርያ ቴሬዛ (ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት) በፈረንጅ አቆጣጠር የሞተችበት ዓመት ነው፣ ከዛ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የወጣው። ቪየና መትታዋለች፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ መትተዋታል፣ ጣልያን ራሱ ሊወረን ሲዘጋጅ በፈረንጅ 1935 ሮም ላይ መምታት ጀምሮ ነበር፣ ቪየና እስካሁንም አላቆመችም። ስለዚህ እጃችሁ ሚገባው ብዙውን ጊዜ 19ኛው ወይ 20ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተመታ ነው፣ ዋጋውም ከሲልቨሩ ዋጋ ብዙ መራቅ የለበትም። ሙሉ ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሆኖ ንጹህ ሲልቨሩ 23.4 ግራም ነው፣ ማለትም የዕለቱን የአንድ አውንስ ሲልቨር ዋጋ በ0.75 አባዙትና መነሻችሁን ታገኛላችሁ። ከዛ እጥፍ የሚጠይቃችሁ ሰው የትኛው ከተማ እንደተመታ አስረግጦ ማሳየት አለበት፣ ሰብሳቢዎች ይህን ሚለዩት በንስሩ ጭራ ላባና ትከሻዋ ላይ ባለው ብሩች (የልብስ ጌጥ) ነው። ማሳየት ካልቻለ እለፉት።

የምኒልክ ብር ሌላ ነው። ክብደቱና ሲልቨሩ ከማርትሬዛ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል (28 ግራም ምናምን፣ ከ1000 እጁ 835 ሲልቨር)፣ ሆን ተብሎ በሷ ልክ የተሰራ ነው፣ ግን ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ዋጋው በሲልቨር አይለካም። እዚህ ጋር እኛ ፊደሉን ማንበባችን ትልቅ ጥቅም አለው። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው የተጻፈው፣ ፲፰፻፹፱ የሚለው 1889 ነው፣ እሱም በኛ አቆጣጠር ስለሆነ በፈረንጅ 1896/97 ይሆናል። ፈረንጁ ሻጭ 1889 ብሎ እንደ ፈረንጅ ዓመት ሲጽፈው ወይም ፹፯ን ከ፹፱ ጋር ሲያምታታ በየጊዜው ታያላችሁ፣ ስለዚህ ርዕሱን ትታችሁ ፎቶውን አጉልታችሁ ራሳችሁ አንብቡ። የአንበሳውንም እግር እዩ፣ የትኛውን የፊት እግር እንዳነሳ በዓመተ ምህረቱ ይለያያል። ሰብሳቢ በዚህ ነው ሚጣላው።

ፎቶው ላይ ሌላ ምታዩት የጠርዙን አናት ነው፣ ከንጉሡ ዘውድ በላይ ያለውን። ድሮ ሴቶች ብሩን ቀለበት አስበይደው አንገታቸው ላይ ያደርጉት ነበር፣ ከዛ አንዱ ነቅሎ በሞረድ አስተካክሎ ይሸጠዋል። አናቱ ላይ ትንሽ ጠፍጠፍ ያለ ወይ ቀለሙ የተለየ ነጥብ ካለ ተበይዶ ነበር ማለት ነው፣ የሰብሳቢ ዋጋው ደህና አድርጎ ይወርዳል። ሻጩ በዛ በኩል ፎቶ ካላነሳ ጠይቁት። ስትጠይቁም "ኦሪጅናል ነው ወይ" አትበሉ፣ ማን አይደለም ይላል፣ "ሚዛን ላይ አስቀምጠህ ፎቶ ላክልኝ፣ ጠርዙንም ዙሪያውን አሳየኝ" በሉት። የእንግሊዝ ጨረታ ቤቶች ማብራሪያ ላይ ኤ/ኤፍ የሚል ካያችሁ ጉድለት አለበት፣ ባለበት ነው ምሸጥልህ ማለታቸው ነው። ፒሲጂኤስ ወይም ኤንጂሲ (ሳንቲም መርምረው ደረጃ የሚሰጡ ድርጅቶች) ባሸጉት ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ከሆነ ደግሞ የሰርተፊኬት ቁጥሩን ድርጅቱ ሳይት ላይ አስገብታችሁ ፎቶውን አመሳክሩ፣ ፕላስቲኩም ፎርጅድ አለውና።

ዋጋ ለማወቅ ሰው የሚጠይቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳይ ፊልተር አለ፣ ሄሪቴጅ ኦክሽንስ የሚባለው የአሜሪካ ጨረታ ቤትም የድሮ ጨረታዎቹን ውጤት በነጻ ያሳያል፣ አካውንት መክፈት ነው። ጨረታ ቤቱ የሚጽፈውን ግምት ብዙ አትመኑት፣ ሰው እንዲጎርፍ ዝቅ አድርገው ይጽፉታል።

አሁን ሒሳቡ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚነደው። መዶሻው ያረፈበት ዋጋ ምትከፍሉት ዋጋ አይደለም። ጨረታ ቤቱ ከገዢው ኮሚሽን ይወስዳል፣ 20 ወይ 25 ፐርሰንት ብርቅ አይደለም፣ ጨረታውን ያስተላለፈው ሳይት ደግሞ የራሱን ትንሽ ይጨምራል፣ ከዛ ሺፒንግ፣ ኢንሹራንስ፣ እንዳላችሁበት አገር ቀረጥ። ስለዚህ ከላይ ወደታች አስሉት። ኪሴ ሚችለው 300 ዶላር ነው እንበል፣ ሺፒንግ 25 ሲቀነስ 275 ይቀራል፣ ኮሚሽኑ 25 ፐርሰንት የሳይቱ 3 ፐርሰንት ከሆነ 275ን ለ1.28 ታካፍላላችሁ፣ 214 ነው። ቢዳችሁ (ጨረታው ላይ የምትሰጡት ዋጋ) 214 ላይ ያበቃል፣ ወረቀት ላይ ጻፉትና ስክሪኑ ላይ ለጥፉት። ላይቭ ጨረታ ላይ እልህ የሚባል ነገር አለ፣ የማታውቁት ሰው 10 ዶላር በጨመረ ቁጥር ደም ይፈላል። እኔ ላይቩን አልመክርም፣ ከፍተኛ ዋጋችሁን አስቀድማችሁ አስገቡና ላፕቶፑን ዘግታችሁ ቡና ጠጡ። ኢቤይ ላይ ግን በተቃራኒው፣ ቀድሞ መግባት ዋጋ ማስጨመር ነው፣ መጨረሻዎቹ ሰከንዶች ላይ አንዴ ብቻ ከፍተኛውን አስገቡ።

ዕቃው ሲመጣ ፓኬቱን ስትከፍቱ ቪዲዮ ቅረጹ። ከዛ ሚዛን። ማግኔት ሞክሩ የሚላችሁ ይበዛል፣ ማግኔት ከሳበው በርግጥ ፎርጅድ ነው፣ ግን ናስም መዳብም እርሳስም ማግኔት አይስባቸውም፣ ስለዚህ አልሳበውም ማለት ምንም ማለት አይደለም። ድምጹን መስማትም ጆሮ ይፈልጋል። እኔ ማምነው የውሃውን ነው፣ ሚያስፈልገው እስከ 0.01 ግራም ሚያነብ የኪስ ሚዛን፣ የፕላስቲክ ኩባያና የስፌት ክር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ብሩን በደረቁ መዝኑት፣ 27.8 መጣ እንበል፣ ያገለገለ ብር ትንሽ ቢጎድል ችግር የለም። ቀጥሎ ኩባያውን ከነውሃው ሚዛኑ ላይ አድርጉና ዜሮ አድርጉት። ብሩን በቀጭን ክር እሰሩና ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ እስኪገባ አንጠልጥሉት፣ ታች እንዳይነካ፣ ጎን እንዳይነካ። ከነካ ሚዛኑ ዘሎ 10 ምናምን ይላል፣ ያኔ እንደገና ነው። ካልነካ 2.7 አካባቢ የሆነ ቁጥር ታያላችሁ፣ የደረቁን ክብደት በዛ አካፍሉ። 27.8 ለ2.73 ወደ 10.2 ይመጣል፣ የሁለቱም ብሮች ሲልቨር መሆን ያለበት እዛው አካባቢ ነው። ናስ ከሆነ ውሃው ላይ 3.2 እና 3.3 መሃል ያነብና ውጤቱ 8.5 አካባቢ ይወርዳል፣ ያ ብር ላዩ ብቻ ነው ሲልቨር የተቀባው።

ሚያስቸግረው አረፋ ነው። ብሩ ስሩ ላይ፣ በተለይ ፊደሎቹ መሃል፣ ትንንሽ አረፋ ይዞ ይገባል፣ አረፋው ውሃ ይገፋል፣ ሚዛኑ ከፍ ይላል፣ እናም እውነተኛው ብር 9.6 ምናምን ወጥቶ ፎርጅድ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ደህና ዕቃ መልሶ የላከ ሰው አውቃለሁ። ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሩ፣ ብሩን አንዴ አስገብታችሁ አውጡና ነቅነቅ አድርጋችሁ እንደገና አስገቡ። ክሩም ወፍራም ጥጥ ከሆነ እሱ ራሱ ቁጥሩን ያዛባል። ሶስት ጊዜ መዝኑና ተቀራራቢ ቁጥር ከመጣ እመኑት።

አንድ ነገር ግን፣ ከእውነተኛ ሲልቨር የተሰራ ፎርጅድ ይህን ፈተና ያልፋል። እሱን ሚይዘው ዓይን ነው። በአጉሊ መነጽር ፊደሉን እዩ፣ የተመታ ብር ላይ የፊደሉ ጠርዝ ስል ነው፣ ቀልጦ የፈሰሰ ግን ሳሙና እንደነካው ለስልሶ ሜዳው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። ፊደል ማያውቅ ሰው የቀረጸው ከሆነ ደግሞ ንጉሠ ነገሥት የሚለው ላይ የሠ እግሮች ተጣብቀው፣ ሁለት ነጥቡ ያለ ቦታው ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ማርትሬዛ ላይ ከደረቷ ስር ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች፣ ጠርዟ ዙሪያ ደግሞ ከፍ ብሎ የወጣ ጽሁፍ መኖር አለበት፣ ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወዲያው ሪፈንድ ጠይቁ። ለሪፈንድ ቀነ ገደብ አለው፣ ስለዚህ ሚዛኑን ዕቃው የመጣ ዕለት ነው እንጂ ወር ጠብቆ አይደለም።

ብሮቹን ከለመዳችሁ በኋላ ዓይናችሁ ወደ መስቀልና ብራና መሄዱ አይቀርም። እሱ ላይ ተጠንቀቁ። ከአገር የወጣበት መንገድ በወረቀት ካልታየ እኔ አልነካውም፣ በፈረንጅ 1868 እንግሊዞች ከመቅደላ የዘረፉት ዕቃ እስካሁን ጨረታ ላይ ብቅ ይላል፣ በፈረንጅ 2024 እንኳን እንግሊዝ አገር ኒውካስል ላይ ሊሸጥ የነበረ የመቅደላ ጋሻ ኢትዮጵያ ተቃውማ ከጨረታው ወጥቷል። አገር ቤት ገዝቶ ይዞ መውጣትም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሰረት ለቅርስ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ኤርፖርት ላይ ከምትከራከሩ አስቀድማችሁ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱ።

በመጨረሻ አታጽዱት! ሎሚና አመድ፣ ኮልጌት፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንዱም አይሆንም። ያ ጥቁር ነገር ቆሻሻ አይደለም፣ ሰብሳቢ የሚከፍለው ለሱ ነው፣ አንዴ ከተፈተገ የሰብሳቢ ዋጋው በጣም ይወርዳል። በጠርዙ ያዙት፣ ፒቪሲ በሌለበት ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጡት (የሚሸተው ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተዋል)፣ የጨረታውን ደረሰኝና የሎት ቁጥሩን (ዕቃው ጨረታው ላይ የተሰጠውን ቁጥር) ደግሞ አብራችሁ አስቀምጡ፣ መልሳችሁ ስትሸጡት መጀመሪያ ሚጠይቋችሁ እሱን ነው።